የድሮዋ ባለቤት
የአምቦው መምህር ሌንጂሳ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና በደላላ ገዛ። እሱም ሚስቱም የድሮዋን ባለቤት አይተዋት አያውቁም።
«የሴትዮዋ ስልክ እኮ አሁንም ከመኪናው ጋር እንደተገናኘ ነው፤ አስጠፋው» ትለዋለች ሚስቱ ሃዊ።
«ማን ሊሰልለን? ሚኒስትር ሆነን ነው?» እያለ ይስቅባታል።
ቅዳሜ ጊንጪ ላይ ሽንኩርት ሊገዙ ወረዱ። የዓመት ልጃቸው ሮሆቦት ከኋላ ተኝታለች። በሮቹ በራሳቸው ተቆለፉ። ሌንጂሳ ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነ፤ አልከፈት አሉ። ልጅቷ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች።
«በል ክፈታ፣ አዋቂው» አለችው ሃዊ።
ከመኪናው ስፒከር አንዲት ሴት በለሰለሰ ድምፅ፣ «እሹሩሩ፣ ሮሆቦቴ» አለች።
ሮሆቦት ወዲያው ዝም አለች፤ ድምፁን እንደለመደች ሁሉ ሁለት እጆቿን ወደ ስፒከሩ ዘረጋች።