የወንድሟ ሞላዎች

ሄልቪ በበረዶ ላይ ከሚነዳው ከአርቪ ሞተር ያወጣችውን የጭስ መውጫ ቫልቭ በሁለት ጣቷ ይዛ አየችው። ምላስ የመሰለ ስስ ብረት ነው። ጥላሸቱን ጠርጋ ጨርሳለች። ማረፊያውን ትንሽ ብትሞርደው ቫልቩ ዝቅ ብሎ ፒስተኑን ይመታና፣ ነገ በውድድሩ መሀል፣ በረዶ በሆነው ኢናሪ ሐይቅ ላይ ሞተሩ ይሰባበራል። ሞረዱ እጇ አጠገብ ነበር።

ሞተሩን ለውድድሩ እንድታዘጋጅለት ያመጣው አርቪ ጋራዧ በር ላይ ቆሞ የጫማውን በረዶ እያራገፈ ሳቀ። «ለወንድምሽ እንዳደረግሽው አድርጊልኝ እንጂ! እሱማ ነፍሱን ይማረውና፣ መች ይነዳ ነበር? ሞተሩ ነው እሱን የሚነዳው።» በቀብሩ ዕለትም ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይህንኑ ብሎ ሰው አስቆ ነበር።

ሄልቪ ሞረዱን አነሳች። ትንሽ ያዘችውና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያው መሳቢያ፣ ቫልቩ ቶሎ ተከፍቶ ሞተሩ እንዲፈጥን ወንድሟ በገዛ እጁ ያሳጠራቸውን ሁለት ሞላዎች አወጣች። ቫልቩን መልሳ፣ ሞላዎቹን አንድ በአንድ በአርቪ ሞተር ላይ ገጠመቻቸው።

«የሱ ናቸው፤ ውሰዳቸው» አለችው።

«ምነው ዛሬ እንዲህ ደግ ሆንሽ?»

ሄልቪ ከሱ ሞተር የወጡትን የፋብሪካ ሞላዎች በጨርቅ ጠርጋ ኪሷ ከተተች። «ያንተን ደግሞ በወንድሜ ሞተር ላይ ገጥሜ ነገ እኔ እነዳዋለሁ። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ስትሸነፍ፣ ሞተሩ ነው የምትልበት አፍ አይኖርህም።»

አርቪ አልሳቀም።