ጸሐፊው የኔሰው

ፕሮግራሙ ከአሮጌዎቹ ፋይሎች ርእስ፣ ቀንና የጸሐፊ ስም እየለቀመ ሰንጠረዡን ሞልቶ ጨረሰ። ኃላፊው በሳብሪያ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን ሲያዩ ሳቃቸው መጣ። «ጋሽ የኔሰው ከሞቱም በኋላ ስብሰባ ይጠራሉ እንዴ?» ጸሐፊ በሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች የሟቹ ታይፒስት ስም ተደርድሮ ነበር። ሳብሪያን ግን አልገረማትም። እዚህ ሞጣ ቢሮ ባዶ ገጽ ከፍቶ ደብዳቤ የሚጀምር ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ሁሉም የጋሽ የኔሰውን አሮጌ ፋይል ይከፍትና የማይፈልገውን አጥፍቶ የራሱን ይጽፍበታል። ስማቸው ከፋይሉ ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

«የቢቸና ቢሮ ሰዎች ሰንጠረዡን እየጠበቁን ነው፤ ትክክለኛውን ጸሐፊ እያስገባሽ ላኪላቸው» አሏት። ማን ምን እንደጻፈ እያስታወሰች አንድ በአንድ ስታርም ቆይታ የሐዘን መግለጫው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጋሽ የኔሰው ያረፉ ዕለት ቢሮው በር ላይ የተለጠፈው ነው። ጸሐፊው፣ የኔሰው ይላል።

«ይሄንንስ ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ስምሽን አስገቢበታ!»

ጣቷ ማጥፊያው ላይ ነበር፤ ግን አልተጫነችውም። ፋይሉን ከፍታ ከሟቹ ስም ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበችና እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

«ጋሼ፣ ቃሉ የእሳቸው ነው» አለች። «ዘበኛችን ሲሞቱ እሳቸው የጻፉትን የሐዘን መግለጫ ከፍቼ ስም ብቻ ነው የቀየርኩት።»