እልልታ ነቃዩ ማሽን

ዲጄ ይድነቃቸው በእህቱ ሠርግ ላይ የዳንስ ሙዚቃ የሚጫወትበትን ማሽን ሲመርጥ ሱቅ ውስጥ ተገትሮ ዋለ።

«ይኼኛው ድምፅ ይቀዳል» አለው ሻጩ። «ያኛው ግን ከሰው ጉሮሮ ነቅሎ ያስቀራል። ጥራቱም ለዚህ ነው!»

መቅዳትማ የጀማሪ ነው ብሎ ነቃዩን ገዛ። ቤት ሲገባም «ለሠርጉ እኮ ነው፣ እማዬ» ብሎ የእናቱን የወይዘሮ አስካለን እልልታ ወሰደው።

ሙሽሮቹ ሲገቡ ቁልፉን ተጫነ፤ እልልታው ከቢቱ ጋር አዳራሹን አናጋው። ወይዘሮ አስካለ እንደ ልማዳቸው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ምላሳቸውን አርገበገቡ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

«አይ አስካለ!» አለች ጎረቤታቸው ጮክ ብላ። «በገዛ ልጇ ሠርግ እንኳ በፕሌይባክ?»

ይድነቃቸው ሰማ። ድምፁን ጨመረው።