አሥራ ስድስተኛዋ መርፌ

«እጅሽን ፍቺው እንጂ ልጄ፤ ጨብጠሽዋል እኮ» ይሉኛል ባለመርፌዋ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። እፈታዋለሁ። ዘወር ሲሉ ተመልሶ ይጨበጣል።

በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አንድ ቀጭን መርፌ ይሰካሉ፤ አሥራ ሦስት። ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ አሥራ አራት። በቅንድቦቼ መካከል፣ አሥራ አምስት። አያምም፤ መቁጠሬን ግን ማቆም አልቻልኩም። እንጀራዬ ነው፤ የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነኝ።

የመጨረሻዋን አናቴ ላይ፣ ጸጉሬ ውስጥ ሰክተው «አሥራ ስድስት» ይላሉ ጮክ ብለው።

«ለማን ነው የሚቆጥሩት?»

«ላንቺ ነዋ። ሁለት ሰው የያዘው ቁጥር አይጠፋም።» ይህን የመርፌ ሕክምና ቻይና ድረስ ሄደው ስድስት ዓመት የተማሩ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ናቸው። መብራቱን ቀነስ ያደርጋሉ። «ግማሽ ሰዓት። ምንም አታስቢ» ብለው ይወጣሉ።

ምንም አታስቢ! እሳቸው ምን አለባቸው።

ወደዚህ የላከችኝ እህቴ ናት። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ማደሬን አይታ «ዕድሜሽን ሙሉ ሰው ስትወጊ ኖረሽ፣ እስቲ ዛሬ ተራሽ ይሁን» ብላ ቀጠሮውን ራሷ ያዘችልኝ። የሥራ ብዛት መስሏታል። እኔም አላረምኳትም።

ትናንት ጠዋት ነው። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ለሆድ ቀዶ ጥገና ገባ። ማደንዘዣው ሳይሰጠው «ሲስተር፣ ሆዴ ውስጥ መቀስ እንዳትረሱብኝ። እኔ እንኳ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ዕቃ የረሳ እንዳለ ብዬ ወንበሩን ሁሉ ዞሬ ነው የማየው» አለን። ሁላችንም ሳቅን።

ደም የምንመጥበትን ጎዝ ሆዱ ከመከፈቱ በፊት ከባልደረባዬ ጋር ጮክ ብለን ቆጠርነው፤ ሃያ። ከመዘጋቱ በፊትም እንደዚያው ሁለት ሆነን መቁጠር ነበረብን። ባልደረባዬ ግን ደም ልታመጣ ወጥታ ነበር። ዶክተሩ ቸኩለዋል፣ ቀጣዩ በሽተኛ በር ላይ ነው። ብቻዬን ቆጥሬ አሥራ ስምንት ላይ ስደርስ «ሙሉ ነው?» አሉኝ። «ሙሉ ነው» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። የቆጠራው ቅጽ ላይም ፈረምኩ። ቆሻሻው ወዲያው ተነሥቶ ሄደ።

ሁለቱ በቆሻሻ ባልዲው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተጣብቀው ይሆናል። ደም የነካው ጎዝ ይጣበቃል። ግን አላየኋቸውም።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሹፌሩ ክፍል ጎራ ብዬ ነበር። «ትንሽ አተኮሰው እንጂ ደህና ነው» አለችኝ ተረኛዋ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ትኩሳት ያለ ነው። ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወጣሁ።

የማን ሆድ?

ስልኬ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ከአልጋው ሦስት እርምጃ። ብደውል ምን እላለሁ? ሳይሞላ ፈረምኩ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ከሠራሁበት ክፍልም በጊዜ ያሰናብቱኛል። እግሬ ይበላኛል፣ አፍንጫዬ ይበላኛል። ጣሪያው ላይ ያሉትን ንጣፎች እቆጥራለሁ። ተሳስቼ እንደገና እጀምራለሁ።

ባለመርፌዋ ይመለሳሉ። «ዘና አልሽ?»

«በጣም» እላለሁ። ይኸው ሌላ ውሸት።

ከእግሬ ጀምረው እየነቀሉ ትንሽ ሳህን ላይ ያስቀምጣሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የግንባሬን ሲነቅሉ በሩ ይንኳኳል፤ ቀጣዩ ደንበኛ ቀድሞ መጥቷል። «አንዴ ይታገሡ!» ይላሉ ሳይዞሩ። ቀና ብለው ሳህኑን ያያሉ። በጣታቸው እየለዩ እንደገና ይቆጥራሉ።

«አሥራ አምስት። አንዷ የለችም።»

የት እንዳለች አውቃለሁ። አናቴ ላይ፣ ጸጉሬ ውስጥ ተደብቃለች፤ ስነቃነቅ ትሰማኛለች። አፌ ግን «ወድቃ ይሆናል እትዬ። ሰው እየጠበቀዎት ነው፣ ይተዉት» ይላል። ግድ የለም፣ ሙሉ ነው እንዲሉኝ እፈልጋለሁ። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው እንኳ እንደ እኔ ቢያደርግ ደስ ይለኛል።

«ይጠብቃ» ይላሉ። «እንዲህ አድርጌሽ ወዴት ልሰድሽ?»

መብራቱን ይጨምራሉ። ከዚያ አልጋውን ተደግፈው፣ በአንድ ጉልበት፣ ቀጥሎም በሌላው፣ ወለሉ ላይ ይንበረከካሉ። አልጋው ሥር በእጃቸው ሲዳብሱ እሰማለሁ። በሩ እንደገና ይንኳኳል። አይመልሱም። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ እናቴን የሚያህሉ ሴት እኔ በዋሸሁት ይዳክራሉ። አፈርኩ። ፊቴ እስኪግል አፈርኩ።

«ይነሡ እትዬ። አናቴ ላይ ናት።»

አልጋውን ይዘው ቀስ ብለው ይነሣሉ። ያዩኛል። «አውቀሽ ነው?»

«አዎ። አይንቀሏት ገና። መጀመሪያ ስልኬን ያቀብሉኝ።»

ለምን አይሉኝም። ቦርሳውን ያመጡልኛል። ተነሥቼ እቀመጥና ወደ ቀዶ ጥገና ክፍላችን እደውላለሁ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ባልደረባዬ ታነሣዋለች።

«ዶክተሩን አቅርቢልኝ» እላለሁ። «ሥራ ላይም ቢሆኑ አቅርቢልኝ። ስለ ትናንቱ ሹፌር ነው። ያልኩት ሃያ ነው፤ የቆጠርኩት አሥራ ስምንት ነው።»

ወዲያ ማዶ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እሰማለሁ። ከዚያ የሚሮጥ እግር ይሰማኛል። ባለመርፌዋ ሳህኑን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ሌላውን ከጸጉሬ በላይ አንሥተው፣ እስክጨርስ ይጠብቃሉ።