ድምፅ የሌላት መኪና

ዘይኔ ሳዑዲ ድንበር ላይ ካለችው ከአል-ሙወሰም ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ላይ የአሠሪውን፣ የከፊሉን፣ ፍየሎች ይጠብቃል። ማዶው የመን ነው። መድፍ ሲያጓራ ፍየሎቹ ጆሯቸውን ቀጥ ያደርጋሉ፤ ትንሽ ቆይተው ግጦሻቸውን ይቀጥላሉ። ሰውም እንደዚያው ለምዷል።

ኮምቦልቻ ያለው ታናሽ ወንድሙ ሰላሀዲን ሰሞኑን መደወል አበዛ። ወሬው አንድ ነው። አንድ ነጋዴ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪናውን ሊሸጥ ነው፤ አያ ዘይኔ ይግዛት፣ እሱ ታክሲ ይሥራባት። መንጃ ፈቃዱን አውጥቷል። ነዳጅ አትጠይቅ፣ ወረፋ አታስጠብቅ።

ዘይኔ ከመኪና የሚያውቀው መጫንን ነው፤ ያውም ከሸራ ሥር። ቢሆንም የሚጠየቀውን ጠየቀ። ባትሪዋ ምን ያህል አርጅቷል? መብራት ሲጠፋስ? ሰላሀዲን ለሁሉም መልስ ነበረው። ባትሪዋን ባለሙያ አይቶታል፤ ወፍጮ ቤት ያለው ጓደኛው ከጄኔሬተሩ መስመር ይሰጠዋል፤ አንዴ ከሞላች ደሴ ሁለት ሦስቴ ደርሳ ትመለሳለች።

የመልሱ መብዛት ዘይኔን ከነከነው።

ባለፈው ዓመት የሰፈሩ ልጆች ወደዚህ ሲነሱ ሰላሀዲንም ስለ መንገዱ ጠይቆት ነበር። ባሕሩ በምን ይታለፋል፣ ከየመን ወዲህ ያለው ተራራ እንዴት ነው? ያኔ ዘይኔ ስልኩን ዘጋበት። ተራራውን ያውቀዋል። የአክስቱን ልጅ ጥይት ሲጥለው፣ አንድ ድንጋይ እንኳ ሳያኖርበት ጥሎት ነው ያለፈው። ይህን ለእናቱ ለአሚናት አልነገራትም።

እሱ በመጣበት ጊዜ ደላላ ገንዘቡን ሳይጨብጥ ማንንም ንቅንቅ አያደርግም። ስለዚህ ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። መኪና የሚባል የለም። ገንዘቡ ለደላላ ነው።

እስቲ ቪዲዮ ላክ አለው። ላከ። ነጭ መኪና ኮረኮንች ላይ ስታልፍ ይታያል። አብሮት ከሚሠራው ከቸኮል ጋር የዛፍ ጥላ ሥር ሆነው ደጋግመው አዩት። አህያ ሲያናፋ ይሰማል፤ የመኪናዋ ግን ምንም የለም።

"ድምፅዋ የታለ?" አለ ቸኮል።

"የላትም አሉ።"

"እኔ ድምፅ ሳያሰማ የሚሄድ የማውቀው ሌባ ነው። ከኋላ እየገፏት ይሆናላ።"

ቸኮል ለቀልድ ነበር። ዘይኔ ግን ቪዲዮውን መልሶ ከፍቶ የሚገፋ ሰው ጥላ ፈለገ።

ቀጥላ አሚናት ደወለች። የሰላሀዲን ጓደኞች ሁሉ ተነቅለው ሄዱ፣ መንደሩ ባዶ ሆነ አለችው። "ልጄ፣ ይህን ልጅ በዚህች መኪና እሰርልኝ።" ዘይኔ እናቱንም አስጠንቶ አስደወላት ብሎ አዘነ።

ሐሙስ ሰላሀዲን ራሱ ደወለ። ሻጩ ከጁምዓ በላይ አይጠብቀኝም አለ። ድምፁ ተሰባብሮ ነበር። "አያ ዘይኔ፣ በነቢ ይዤሃለሁ። እዚህ የሚያቆመኝ ሌላ ነገር የለኝም።"

ዘይኔ ወንድሙ እዚያ ተራራ ላይ ተደፍቶ ታየው። ገንዘቡን ከያዝኩ ልጁን ያዝኩት ብሎ ቆረጠ።

"አልገዛም። እናትህ ጋ ቁጭ በል። በቃ፣ ኸላስ።"

ሰላሀዲን አልተከራከረም። "አብሽር" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ዘይኔ ከፍየሎቹ መሐል ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ፣ ወንድሜን አተረፍኩት አለው ቸኮልን።

ከዚያ ወዲያ የሰላሀዲን ስልክ አይሠራም። አኩርፏል አለ ዘይኔ። ያኩርፍ። የሚያኮርፍ በሕይወት ያለ ነው። እናቱ ደውላ ስታለቅስም ለመኪናዋ መስሎት፣ ሳያስጨርሳት አጽናናት።

ወር ሳይሞላ፣ ፍየሎቹን ውሃ ሲያጠጣ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የየመን ነበር። ከበስተኋላ ሰው ይጮኻል፤ የሚናገረው ግን ሰላሀዲን ነው፤ ቀስ ብሎ።

"አያ ዘይኔ፣ መኪናዋን ሌላ ሰው የወሰዳት ዕለት ነው የወጣሁት፤ ደላላው እዚያ ገንዘብ አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ እዚህ ነው።"