ጤነኛው ራዲያተር

አረፋ የለም። ራዲያተሩን በርሜሉ ውሃ ውስጥ ደፍቄ፣ የንፋሱን ጎማ ሰክቼ፣ ዐይኔን ሳልነቅል እጠብቃለሁ። አንዲት አረፋ ብቻ ብትወጣ ምንኛ ደስ ባለኝ። የሰው ራዲያተር በተቀደደ ብዬ ስመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

መኪናዋ የአንዲት ነርስ ደንበኛችን ናት፤ ከገዛቻት ገና ሦስት ሳምንቷ። ጠዋት ስታመጣት ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ዳገት ላይማ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ ወይ ፍንክች። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዤ ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረግሁት። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ሮዝ ወተት ሆኗል፤ የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ኩላንቱ፣ ገብቶበታል ማለት ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱን የሚያቀዘቅዘው በራዲያተሩ ሆድ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። ቱቦው ከተሰነጠቀ ዘይትና ኩላንት ይገናኛሉ። ማንም መካኒክ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንን ስለሆነ፣ ራዲያተሩን ፈትቼ ወደ በርሜሉ ስሸከም ልቤ ምንም አላለኝም ነበር።

ቱቦው ግን ጤነኛ ነው። ኩላንቱ ከውስጥ ካልገባ ከላይ ተጨምሯል። ማን እንደጨመረው ደግሞ አውቃለሁ።

ጋሼ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው የቱታቸውን እጅጌ ይጠቀልላሉ፣ መልሰው ይፈታሉ። የጋራዡ ባለቤት ናቸው፤ ሥራውንም ከሀ እስከ ፐ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ነርሷ መኪናዋን የገዛችው እሳቸው አይተው "ዐይንሽን ጨፍነሽ ግዢ" ስላሏት ነው። ያን ዕለት የካምቢዮ ዘይቷ ትንሽ ጎድሎ ስለነበር በገዛ እጃቸው ሞሉላት።

መደርደሪያው ላይ ሁለቱ ጄሪካኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የካምቢዮ ዘይት፣ ሌላው ኩላንት፤ የሁለቱም ፈሳሽ ቀይ፣ ሁለቱም ምልክት የሌላቸው። ጽሑፍ እንለጥፍባቸው ባልኩ ቁጥር "አፍንጫህን ለጌጥ ነው የተሸከምከው?" እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው። ዘይቱ ዘይት ዘይት ይላል፣ ኩላንቱ ከረሜላ ከረሜላ። የሚያሸት ሰው ሊሳሳት አይችልም።

"ምን አገኘህ?" ይሉኛል ከተቀመጡበት።

ነርሷ መኪናዋን ተደግፋ ቆማለች። በየሁለት ቀኑ እናቷን ሐኪም ቤት የምታመላልስባት መኪና ናት። አንዴ እሷን፣ አንዴ ጋሼን አያለሁ።

"ራዲያተሩ ነው" እላለሁ፣ እሷም እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ውስጡ ተሰንጥቋል። ያገለገለ መኪና እንግዲህ መቼም..."

ጋሼ ይነሳሉ። መጥተው በርሜሉ ላይ ያጎነብሳሉ። ንፋሱ እንደተሰካ ነው፣ ውሃው ግን ጭጭ ብሏል። ብዙ ይቆያሉ። ከዚያ መደርደሪያውን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን። የዋሸሁት ለእሳቸው ብዬ ቢሆንም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኛለሁ።

"ልጄ" ይሏታል ነርሷን፣ "ራዲያተርሽ ምንም አልሆነም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዘይት መስሎኝ ኩላንት ጨመርኩበት።"

"ታዲያ ታጥቦ ይስተካከላል አይደል፣ ጋሼ?"

"አይስተካከልም። ኩላንት የነካው የፍሪሲዮን ሸራ ሙጫው ይለቃል። ካምቢዮውን እንዳለ እኔ እቀይርልሻለሁ።"

ነርሷ ልትቆጣ አፏን ትከፍታለች፤ ፊታቸውን ስታይ ትተወዋለች። "በሉ እናቴን የሚያደርስልኝ ሰው ልፈልግ" ብላ ስልኳን ይዛ ወደ ግቢው ትወጣለች። ብትጮህባቸው ይሻል ነበር።

ንፋሱን እዘጋለሁ። ወደ ጋሼ እዞራለሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ያ ጉንፋን ከጣለኝ ወዲህ።" አፍንጫቸውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን ያደርጋሉ። "ይመለሳል ብዬ ነበር። ባለፈው ቤት ብቻዬን ሆኜ ሽንኩርቱ አርሮ አርሮ፣ ጭሱ ዐይኔን ሲለበልበኝ ነው የነቃሁት። ባለቤቴ እስከዛሬ 'ልብህ የት ሄዶ ነው' እያለች ትነጫነጫለች። አልነገርኳትም።"

"ለእኔስ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

"ለአንተማ እንዴት ብዬ?"

አንጀቴን ይበሉታል። የንፋሱን ጎማ ከራዲያተሩ እነቅላለሁ።

በዚህ መሀል አንድ ባለታክሲ እየተንገጫገጨ ግቢው ውስጥ ይገባል። ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል።

"ጋሼ፣ ይድረሱልኝ! የሆነ ነገር እየነደደብኝ ነው፤ ዘይት ይሁን ሽቦ እንጃ። ሦስት ጋራዥ አልፌ ነው እርስዎ ጋ የመጣሁት፣ እንደው አንዴ ያሽትቱልኝ!"

ጋሼ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጠራርገው ይሄዳሉ። ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብለው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው አየሩን በረጅሙ ይስባሉ። ይደግማሉ። ትከሻቸው ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል ከኋላ ይታየኛል። የተቃጠለው የሞተር ቺንጋ የጎማ ሽታ እኔ ጋ፣ በርሜሉ ድረስ መጥቶ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ባለታክሲው አፍ አፋቸውን ያያል።

ቀና ብለው ወደ እኔ ይዞራሉ።

"ምን ሸተተህ?" ይሉኛል።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲጠይቁኝ፣ መልሱን ያውቁት ነበር።