ሁለት ኪሎ

«እናቴ፣ ኪስዎ ውስጥ ምንድን ነው?» አለቻት ነርሷ። ሴትየዋ ሚዛኑ ላይ እንደቆመች፣ ክብደት እንዲጨምርላት ከሱቋ ይዛ የመጣችውን ባለ ሁለት ኪሎ የሚዛን ብረት በመዳፏ ሸፈነችው። ጨጓራ የሚያሳንሰው ቀዶ ጥገና ለስኳሯም እንደሚበጅ ሰምታለች፤ የሚሠራው ግን ኪሎው ለሚሞላ ሰው ብቻ ነበር። እሷ ደግሞ የሐኪም ቃል አክብራ፣ ስምንት ዓመት አፏን ስትከለክል ከስታለች። ስኳሩ ግን አልወረደላትም።

አንድም ቀን ከጣፋጭ ያልታቀበችው ታናሽ እህቷ ቀድማ ተመዝና አልፋ ነበር። የሕሙማን ልብስ ለብሳ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «እትዬ፣ ነይ አብረን እንብላ ስልሽ እንቢ አልሽ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ የታላቅየዋን አንጀት አቃጠለው።

ነርሷ ብረቱን ተቀብላ ቁጥሩን ደግማ አየች። «ጎበዝ፣ ካለፈው ሦስት ኪሎ ቀንሰዋል። ለቀዶ ጥገናው ግን አይደርሱም» አለቻት። ይሄኔ እህቷ መጥታ እጇን ያዘቻት። «ከኔ ቆርሼ በሰጠሁሽ፣ እትዬ» አለች፤ ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል። ለካ ያን ሁሉ የሳቀችው ፈርታ ኖሯል። ታላቅየዋ «እግዜር ይማርሽ» ማለት ነበረባት፤ እሷ ግን እጇን አስለቀቀች። እህቷ አልጋ ይዛ ቀረች፤ እሷ ወደ ቤቷ ሄደች።